የወርክሾፕ ማራገቢያ ሲቆም ማንን እንጥራ?

መጋዝ ሲበላሽ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ መጋዝ በዚያው ቀን ይሠራል። ጭስና አቧራ የሚስበው ማራገቢያ ሲቆም ግን ሥራው ይቀጥላል። በር ይከፈታል፣ ልጆቹ አፋቸው ላይ ጨርቅ ያስራሉ፣ «ሰኞ እናሠራዋለን» ይባላል። ጠጋኙም ይህን ያውቃል። ስትደውሉለት ከድምፃችሁ ብቻ እንዳልቸኮላችሁ ይገባዋል። ከእናንተ በፊት ወፍጮው የቆመበት ሰው አለ፣ ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ያለው ሥጋ ቤት አለ። ተራችሁ መጨረሻ ላይ ነው።

መቸኮል ግን ይገባ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ ከተረጋገጠው አንደኛ ምድብ ውስጥ ካስገባው ቆየ። የብየዳ ጭስም እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያው ምድብ ገብቷል። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ሲበይድ የዋለ ልጅ ማታ ብርድ ብርድ ሲለው ወባ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ የዚንክ ጭስ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። «ጠጋኙ ቀረብኝ» የሚል ሰበብ እዚያ ውስጥ የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚጠራ ሰው አይጠፋም። የሰፈር ኤሌክትሪሻን አለ፣ ሞተር የሚጠቀልል ቤት አለ፣ የአስመጪው ቴክኒሻን አለ፣ እሑድ እሑድ የሚሠራ የፋብሪካ ባለሙያ አለ፣ ደላላ የሚያመጣው «ሁሉን እችላለሁ» አለ። ብዙ ሰው እነዚህን የሚያወዳድረው በእጅ ዋጋ ነው። እኔ የማወዳድራቸው በሌላ ጥያቄ ነው። ይህ ሰው ግምቱ ቢሳሳት ኪሳራው የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ከእጅ ዋጋቸው ይልቅ በጣም ይለያያል።

ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት

የሞተው ምኑ እንደሆነ በግምት ማወቅ አለባችሁ። ማንን እንደምትጠሩ የሚወስነው እሱ ነው። ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ይዞ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዝ ዕቃ) ለሞተበት ሞተር ጥቅለላ ቤት መሄድ፣ ጥቅሉ (ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ) ለተቃጠለ ሞተር የሰፈር ኤሌክትሪሻን መጥራት፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ብስጭት ሁሉ ምንጩ እዚህ ነው።

ብሬከሩን አጥፉ። ሳያውቅ የሚያበራ እንዳይኖር አንድ ሰው እዚያ ይቁም። ከዚያ ክንፉን በእጅ አዙሩት።

በቀላሉ ከዞረ፣ ሲበራ ግን እያጉረመረመ አልነሳ ካለ፣ ሞተሩም ባለ 220 ቮልት ከሆነ ካፓሲተሩን ጠርጥሩ። ልጆቹ ክንፉን በዱላ ገፍተው አስነስተውት ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው በጣም ይጠነክራል። ያደርጉታል፤ እንዳይደግሙት ንገሯቸው።

ባለ ሦስት ፌዝ፣ ባለ 380 ቮልት ሞተር እያጉረመረመ ካልተነሳ አንዱ ፌዝ ጠፍቷል ብላችሁ ጀምሩ። የተቃጠለ ፊውዝ፣ የተበላ ኮንታክተር (ኃይሉን ለሞተሩ የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ)፣ የላላ ብሎን ወይም ከውጭ የሚመጣው መስመር ራሱ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ያለው ወፍጮም ቆሞ እንደሆነ ጠይቁ። ደጋግማችሁ አታብሩት። በሁለት ፌዝ ተይዞ የቆመ ሞተር ጥቅሉን ለማቃጠል ደቂቃዎች ይበቁታል።

በእጅ ስታዞሩት ከከበደ፣ ከጮኸ ወይም ዘንጉ ወደ ጎን ከተወዛወዘ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ነው። የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተ ጥቅሉ ነው። ያንን ሽታ አንዴ የለየ ሰው ሁለተኛ አይስተውም።

በደንብ እየዞረ አየር የማይስብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የላላ ቺንጋ፣ ክንፉ ላይ የተጋገረ አቧራ፣ የሞላ ከረጢት፣ የታፈነ ቱቦ ሊሆን ይችላል። ወይም በርና መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ የሚገባ አየር የለም። የመጨረሻው ቀልድ ይመስላል። ግን በክረምት ለብርዱ በሩን ዘግተው «ሞተሩ ደክሟል» ብለው ጠጋኝ የጠሩ ሰዎች አውቃለሁ። ጠጋኙም አልሳቀም። ሞተሩን ፈትቶ ወሰደው።

የቀረው ፎቶ ማንሳት ነው። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን የብረት ሳህን ጠርጋችሁ በስልክ አንሱት። ቮልት፣ አምፔር፣ ኪሎዋት፣ በደቂቃ የሚዞረው ብዛት እዚያ ላይ አለ። የቺንጋውን ቁጥር፣ የካፓሲተሩን ጽሑፍና የሽቦዎቹን አገባብም አንሱ። ይህን ፎቶ በቴሌግራም የላካችሁለት ባለሙያ ከመጀመሪያው ዕቃ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ፎቶውን አይቶ አንድም ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው ደግሞ ሲመጣም አይጠይቅም።

የሰፈር ኤሌክትሪሻን

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። ለእሱ ይሠራል። ቢያንስ መጥቶ ያያል። ብሬከር፣ ሽቦ፣ ማብሪያ፣ ኮንታክተር፣ ካፓሲተር የእሱ ዓለም ነው። የእጅ ዋጋውም ከሁሉም ይቀላል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ በመለካት ፈንታ በመቀየር መሥራቱ ነው።

«ጋሼ፣ ካፓሲተሩ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«በልምድ ነዋ።»

ካፓሲተሩ ይገዛል፣ ሞተሩ አይነሳም። «እንግዲያው ኮንታክተሩ ነው።» እሱም ይገዛል። ሙከራው ሁሉ በእናንተ ኪስ ነው፤ የተገዛው ዕቃም አይመለስም። ስለዚህ ከእሱ ጋር ያለው ስምምነት አጭር መሆን አለበት። መጀመሪያ ይለካ፣ ከዚያ ይገዛ። ካፓሲተር የሚለካ ቴስተር ዛሬ ብርቅ አይደለም። ላዩ ላይ 20 ማይክሮፋራድ የተጻፈበት ካፓሲተር ሲለካ 13 ካሳየ አልቆለታል። 19 ካሳየ ደህና ነው፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ከመነካቱ በፊት ግን የያዘው ኤሌክትሪክ መውጣት አለበት፤ ብሬከር ከጠፋ በኋላም ይነዝራል።

ሁለት ልማዶቹን ተጠንቀቁ። አንደኛው ልኩ ያለው ካፓሲተር ሲጠፋ ትልቁን መግጠም ነው። «ጉልበት ይጨምርለታል» ይላችኋል። ይነሳል፣ እውነት ነው። ሲውል ሲያድር ግን ጥቅሉ እየጋለ ይሄዳል፣ ሲቃጠልም ማንም ካፓሲተሩን አያስታውሰውም። ሁለተኛው ይብሳል። ኦቨርሎድ ሪሌው (ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብ የሚያጠፋው መከላከያ) እየደጋገመ ሲያጠፋበት አልፎት በቀጥታ ያገናኘዋል። ማራገቢያው ይሠራል፣ እሱ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ሞተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባቂ የለውም። ሪሌው የሚያጠፋው ምክንያት ስላለው ነው። ሥራው ሲያልቅ ሳጥኑን አስከፍቱና ሪሌው ቦታው ላይ እንዳለ፣ የተስተካከለውም በሞተሩ ሳህን ላይ ባለው አምፔር ልክ እንደሆነ ተመልከቱ።

ለየትኛው ብልሽት ይጠራ? ኃይል ጭራሽ ለማይደርሰው፣ ብሬከር ለሚጥል፣ ካፓሲተር ለሚጠረጠርበት። ለኩሽኔታ፣ ለንዝረትና «አየር አይስብም» ለሚባለው አትጥሩት።

ሞተር የሚጠቀልል ቤት

ጥቅሉ ከተቃጠለ ሌላ ምርጫ የለም፤ ወይ ይጠቀለላል ወይ አዲስ ይገዛል። ጎበዝ ጠቅልሎ የሰጣችሁ ሞተር ለዓመታት ይሠራል። ሰነፍ የጠቀለለው ለሳምንታት። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቀለም ተቀብተው ይመጣሉ። ብስጭቱ ያለውም እዚህ ነው። የገዛችሁት ነገር በብረት ሽፋን ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚሰጣችሁ።

ስለዚህ ሳይዘጋ እዩት። ከሁሉ የሚጠቅመው ደግሞ የድሮው ጥቅል ሳይቆረጥ ማየት ነው። «ፈትተህ ጥራኝ፣ ሳላየው እንዳትቆርጠው» በሉት። የአቃጣጠሉ መልክ ምክንያቱን ይናገራል። ሁሉም ጥቅል እኩል ከጠቆረ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሠርቷል ወይም አየር አጥቶ ግሏል። ከሦስቱ ፌዝ የሁለቱ ጥቅል ጠቁሮ የአንዱ ንጹሕ ከሆነ፣ ወይም በተቃራኒው የአንዱ ብቻ ከጠቆረ፣ ፌዝ ጎድሎበት ነው። የትኛው እንደሚሆን የሚለየው የሞተሩ ሦስት ጥቅሎች በስታር ወይም በዴልታ በሚባለው አገባብ በመገናኘታቸው ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነጥብ ሆኖ ከተቃጠለ ሽቦው ተነካክቷል ወይም እርጥበት ገብቷል።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ፌዝ ጎድሎበት የተቃጠለን ሞተር አስጠቅልላችሁ በዚያው በተበላ ኮንታክተር ላይ መልሳችሁ ብትገጥሙት በወሩ ትመለሳላችሁ። ያኔ ጠቅላዩ «የእኔ ሥራ ደህና ነው፣ መስመራችሁን አሠሩ» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ኤሌክትሪሻኑ ደግሞ «ጥቅሉ ደካማ ነው» ይላል። በሁለቱ መሀል የምትቀሩት እናንተ ናችሁ። እኔም ከዚህ ክርክር መሀል ቆሜ አውቃለሁ። ሁለቱም ትሑት ሰዎች ነበሩ፣ ሁለቱም «ወንድሜ» ይሉኝ ነበር፣ ማራገቢያው ግን አልዞረም።

ሽቦውን ጠይቁ። መዳብ ሆኖ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ ገበያ ላይ አለ። ጫፉን በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ነጭ ከወጣ መዳብ አይደለም። ውፍረቱና የዙሩ ብዛት እንደ ድሮው መሆን አለበት። ጥሩ ባለሙያ የድሮውን ሲፈታ ይቆጥራል፣ ይጽፋል። ደብተሩን አሳየኝ ስትሉት የማይከፋ ሰው ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ቫርኒሹ በሙቀት መድረቅ አለበት። ዛሬ ጠዋት ተሰጥቶት ማታ «አልቋል፣ ና ውሰድ» የሚል ሰው ፈጣን ስለሆነ አታመስግኑት።

የድሮው መዳብ የማን ነው? ብዙ ቤቶች ዝም ብለው ያስቀሩታል። መዳብ ደግሞ ዋጋ አለው፣ ምናለሽ ተራ ያሉ ነጋዴዎች ይንገሯችሁ። ለእሱ ይቅር ካላችሁ ከእጅ ዋጋው ይቀነስ። ይህን አስቀድሞ መናገር ነውር የለውም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ማንሳት ነው ጠብ የሚያመጣው።

ስትረከቡ በሜገር፣ ማለትም በመከላከያ መለኪያው፣ ይለካላችሁ። በሽቦውና በሞተሩ ገላ መካከል ያለው መከላከያ በአዲስ ጥቅል ላይ ከ5 ሜጋ ኦም በታች ካሳየ አልደረቀም ወይም አንድ ቦታ ነክቷል። ሜገር የሌለው ጥቅለላ ቤት ካጋጠማችሁ ሞተሩን ይዛችሁ ቀጣዩ በር ሂዱ። ኩሽኔታውንም በዚያው አስቀይሩ። ሞተሩ ተፈትቷል፣ የእጅ ዋጋው ተከፍሏል፤ አሮጌውን ኩሽኔታ መልሶ መግጠም ትርጉም የለውም። አቧራ ላለበት ቤት በሁለቱም በኩል የጎማ ክዳን ያለውን ምረጡ። ቁጥሩ ኩሽኔታው ላይ ተጽፏል። 6203 ከተባለ ውስጡ 17፣ ውጭው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነው፤ «ይቀራረባል» የሚባል ነገር የለም።

ኪሳራው የማን ነው? ከእሱ ጋር ይህን መደራደር ይቻላል። የሚያኮራ ሥራ የሚሠራ ጠቅላይ የወራት ዋስትና በደረሰኝ ጀርባ ላይ ይጽፋል። «ፌዝ ካልጎደለበት በስተቀር» ብሎ መጨመሩ ትክክል ነው፣ ይጨምር።

የአስመጪው ቴክኒሻን

ማራገቢያውን ከአስመጪ ድርጅት የገዛችሁ ከሆነና ዋስትናው ካላለፈ ሌላ ሰው አታስነኩት። አንድ ብሎን የፈታ የውጭ እጅ ዋስትናውን ሊያፈርስ ይችላል። ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ መለዋወጫውን በቁጥሩ ያውቁታል፣ ቢሯቸው የትም አይሄድም።

ዋስትናው ካለፈ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቴክኒሻኑ ደሞዝተኛ ነው። ጥገናው ቢሳካ ባይሳካ ለእሱ ለውጥ የለውም፤ ድርጅቱ ደግሞ ከጥገና ይልቅ ከሽያጭ ያተርፋል። «ይህ ሞዴል ቀርቷል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቶሎ ትሰማላችሁ። «ዕቃው ከውጭ ይመጣል» የሚለው ሁለተኛው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ብዙ ወርዷል። ስለዚህ «ይመጣል» ስትባሉ ዋጋው ዛሬ ይቆረጥ እንደሆነ፣ ወይስ ሲመጣ በዚያን ቀን ምንዛሪ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። አንዳንዱ ቤት መጥቶ ለማየት ብቻ የሚያስከፍለው ገንዘብ የሰፈር ኤሌክትሪሻን ሠርቶ ከሚቀበለው ይበልጣል።

ለሒሳብ መዝገብ ደረሰኝ የግድ ለሚያስፈልገው ድርጅት፣ ወይም መቆጣጠሪያው ኤሌክትሮኒክስ ለሆነ ትልቅ ማራገቢያ ምርጫው እነሱ ናቸው። ለተራ ሞተርና ክንፍ ውድ ነው።

እሑድ የሚመጣው የፋብሪካ ባለሙያ

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ አልደብቅም። ዱቄት ፋብሪካ፣ ጨርቃ ጨርቅ ወይም ፈርኒቸር ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ክፍል የሚሠራ ሰው ከማራገቢያ ጋር ነው ውሎ የሚያድረው። ተግባረ ዕድ ወይም ጄኔራል ዊንጌት የተማረ፣ ከዚያ ማሽን እየፈታ ያደገ ሰው ሞተርን ብቻ አያይም። ቺንጋውን ይጫነዋል፣ ፑሊዎቹ (ቺንጋው የሚዞርባቸው መንኮራኩሮች) አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን በክር ያያል፣ ቱቦውን ያንኳኳል። ክንፉ ሲዞር ቤቱን የሚያንቀጠቅጠው በአንድ ወገን የቀረ የተጋገረ አቧራ መሆኑን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ይህን አያይም፣ ጠቅላዩም ሞተሩ እንጂ ማራገቢያው እጁ አልገባም።

ሌላም ነገር ያውቃል። አንዳንድ ጠጋኝ «ስቡ እንዲበረታ» ብሎ ፑሊውን ይቀይራል፣ ማራገቢያው ይፈጥናል። የማራገቢያ ሒሳብ ግን ጨካኝ ነው። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ሲጨምር የሚበላው ኃይል በ33 በመቶ ይጨምራል። በደቂቃ 1,400 የሚዞረውን ሞተር አውጥቶ 2,800 የሚዞር የገጠመ ሰው ደግሞ ኃይሉን ስምንት እጥፍ ጠይቆታል። ሞተሩ ይቃጠላል፤ ወይም ሪሌው ያጠፋዋል፣ ከዚያ ሪሌውን የሚያልፍ ሰው ይጠራል።

ጉድለቱ ጊዜው ነው። የሚመጣው እሑድ ወይም ከሥራ በኋላ ነው። ፋብሪካው ማሽን ከቆመበት እሑዳችሁ ይሰረዛል። ደረሰኝ የለውም። ዋስትናው ስሙ ብቻ ነው። ግን በሰው በሰው የተገኘ ስለሆነ ስሙን ይጠብቃል፤ ለጠቆመው ሰው ማፈርን አይፈልግም። የምታገኙት ወፍጮ ቤት ወይም መኪና ቀለም የሚቀባ ጋራዥ ጠይቃችሁ ነው። የእነሱ ሞተርና ኮምፕረሰር በማን እጅ እንደሚኖር ይነግሯችኋል።

ደላላ ያመጣው ሰው

አጭር ልበል። ደላላው የሚከፈለው ሰው በማገናኘቱ ነው፣ ማራገቢያው በመዞሩ አይደለም። የመጣው ሰው ቧንቧም ይጠግናል፣ ዲሽም ያስተካክላል፣ ሞተርም ይነካል። ቴስተር ሳይዝ፣ አንድ ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ ይዞ ከመጣ የታክሲውን ከፍላችሁ መልሱት። ኪሳራ ቢሆን ይህ ትንሹ ነው።

ራሳችሁ የምትሠሩት

ክንፍ መጥረግ፣ ከረጢት ማራገፍ፣ ቱቦ መክፈት፣ ቺንጋ መቀየር የሰው እጅ አይፈልግም። ቺንጋው ላይ ቁጥር አለ፤ ያንኑ ይዛችሁ ሂዱ። የመኪና ዕቃ የሚሸጥባት ሱማሌ ተራም ሆነ ሰፈራችሁ ያለ የመለዋወጫ ሱቅ የቺንጋ ቁጥር ያነባል። ሁለት ቺንጋ ጎን ለጎን የሚሠራ ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ቀይሩ፤ አዲሱና አሮጌው እኩል አይሳቡም። ሞተሩ ውጭው የተጋገረ ከሆነም አጽዱት። በዚያ ላይ የተቀመጠው አቧራ እንደ ጋቢ ነው የሚያሞቀው።

የቀለም መርጫ ክፍል ላላችሁ ግን ይህ ምክር አይሠራም። ቲነር ያለበትን አየር የሚስብ ማራገቢያ ተራ ሞተር፣ ተራ ማብሪያ ወይም በብረት ላይ የሚፋጭ ክንፍ ካለው አንድ ብልጭታ ይበቃል። ይህን የሚነካው ስለ ፈንጂ ጋዝ የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ነው፤ በርካሽ የሚሠራላችሁ ስታገኙ ይበልጥ ፍሩ።

ቀብድ፣ ዕቃ፣ ርክክብ

ማንንም ምረጡ፣ ብስጭቱን የሚቀንሰው ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ነው።

መጥቶ ለማየት ትንሽ ክፈሉ። በነጻ የሚያይ ሰው ያንን ጊዜ ከሆነ ቦታ ያወጣዋል፤ ብዙ ጊዜ ከዕቃ ላይ። ከፍላችሁ ያስመረመራችሁት ሰው ብልሽቱን ይናገር፣ ዋጋውን ይንገር፣ ከዚያ እሺ ወይም ይቅር በሉ። እዚህ ላይ ለጠጋኞቹም ልሟገት። የማራገቢያ ሥራ መሰላል ላይ ነው፣ አቧራው አይን ያጠፋል፣ ሒሳቡ ትንሽ ነው። ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ «ይኼማ አምስት ደቂቃ አልፈጀብህም» ብሎ የሚቀንስ ደንበኛ ያጋጠመው ሰው ሁለተኛ ስትደውሉ «መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ ቢጠፋ አይገርምም። ያጠፋው ስልክ ጀርባ አንዳንዴ የእኛው ጭቅጭቅ አለ።

የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ይለይ። ዕቃውን እናንተ ግዙ፣ ወይም አብራችሁ ሂዱ። «ኦሪጅናል ነው» የሚለው ቃል ሱቅ ውስጥ ሦስት ዋጋ አለው። ጠጋኙ ራሱ ይግዛ ካላችሁ ደረሰኝ ያምጣ፣ የወጣው አሮጌ ዕቃም ይመለስላችሁ። አሮጌው ካልመጣ ተቀይሯል ብላችሁ አትመኑ።

ቀብድ የዕቃውን ያህል ይሁን፤ የእጁ ዋጋ ርክክብ ላይ ይከፈል። ርክክብ ምን እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ጠጋኝ «ዞረ» ሲል ጨርሻለሁ ማለቱ ነው። እናንተ የምትፈልጉት አየር ነው። በሞተሩ መዞርና በአየሩ መሳብ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጭቅጭቅ ወልዷል። ሦስት ነገር እዩ።

አቅጣጫውን እዩ። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሽቦው ሲመለስ ሁለት ፌዝ ከተቀያየረ ወደ ኋላ ይዞራል። በግድግዳ ላይ ያለው ተራ ክንፍ ወደ ኋላ ሲዞር ጭሱን ወደ ውስጥ ይነፋል፤ ወዲያው ይታወቃል። ቀንድ አውጣ የሚመስል ሽፋን ያለው አቧራ መምጠጫ ግን ያታልላል። ወደ ኋላ ቢዞርም አየሩ በትክክለኛው በኩል ይወጣል፣ ግን ደክሞ። ድምፁም ደህና ነው። ሰው ወራት ሙሉ በዚያ ይሠራል። ሽፋኑ ላይ ካለው ቀስት ጋር አስተያዩት፤ ከተገለበጠ ሁለት ሽቦ ማቀያየር ነው።

አምፔሩን እዩ። ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካው) በእያንዳንዱ ፌዝ ላይ ይደረግ። 1.5 ኪሎዋት የሆነ ባለ 380 ቮልት ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ 3.5 አምፔር አካባቢ ይስባል፤ የእናንተውን ሳህኑ ይነግራችኋል። ከሳህኑ በላይ ከሆነ ወይም ሦስቱ በጣም ከተለያዩ አልተጠናቀቀም። ይህ መለኪያ ቱቦው ተገጥሞ ነው የሚወሰደው። ጠረጴዛ ላይ ባዶውን የዞረ ሞተር ምንም አይነግራችሁም።

አየሩን እዩ። በእያንዳንዱ ማሽን መምጠጫ አፍ ላይ አንድ ፌስታል ወይም ሰጋቱራ አስጠጉ። ከጥገናው በፊት የት ድረስ ይስብ እንደነበር የሚያውቀው ልጅ አጠገባችሁ ይቁም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሥራ፣ ከዚያ ክፈሉ።

አዲስ መግዛት መቼ?

ጥቅለላው ከአዲሱ ሞተር ዋጋ ግማሹን ካለፈ እኔ አዲሱን እገዛለሁ፣ በተለይ ትንሽ ባለ 220 ቮልት ሞተር ከሆነ። ሁለቴ ተጠቅልሎ ሦስተኛ የተቃጠለን ሞተር አላስጠቅልም። ዘንጉ ከተበላ ወይም የኩሽኔታው ቤት ከሰፋ እንዲሁ። በተቃራኒው፣ የድሮ የብረት ገላ ያለው ከባድ ሞተር ከሆነና ዘንጉ ደህና ከሆነ ጎበዝ ጠቅላይ ይሥራው፤ በተመሳሳይ ዋጋ የምታገኙት አዲስ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ስትገዙ ኪሎዋቱን ብቻ አትዩ። በደቂቃ የሚዞረው፣ የዘንጉ ውፍረትና የእግሩ ቀዳዳዎች ካልገጠሙ ለመግጠሚያ የሚወጣው ብየዳና ቶርኖ ትርፉን ይበላዋል።

ጠጋኝ እስኪመጣ ብየዳውን ወደ ውጭ አውጡ፣ መጋዙን በር አጠገብ አስጠጉ። ሰማያዊው የሐኪም ማስክ የብየዳ ጭስ አያቆምም፤ ኤን 95 የተባለው ወይም ተመሳሳዩ ያስፈልጋል። ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ የቺንጋውን ቁጥር፣ የኩሽኔታውን ቁጥር፣ የካፓሲተሩን ልክና የሠራውን ሰው ስልክ በማርከር የመቆጣጠሪያው ሳጥን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፉ። አንድ ትርፍ ቺንጋና አንድ ካፓሲተርም እዚያው አስቀምጡ።